የአስታራቂው ዝምታ

ሰባ አራት ደረጃ ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከግቢው መሬት ተነስቶ እስከ ኃይለኪሮስ በር ድረስ ሰባ አራት የሲሚንቶ ደረጃ! በዚያ በደጉ ዘመን ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ በውርስ የተካሰሱ ወንድማማቾች፣ በውኃ በርሜል የተቀያየሙ ጎረቤታሞች ያንን ደረጃ እያለከለኩ ይወጡት ነበር። ሲወጡ ፊትና ኋላ ሆነው፣ ተኮራርፈው፤ ሲወርዱ ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም እየተሳሳቁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ኃይለኪሮስ አለ አይደል እንዴ! ኃይለኪሮስ ጋ የወጣ ጠብ መቼ ተመልሶ ይወርዳል?

የተማረ ሰው ሆኖ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ከመገናኛ በገርጂ በኩል ስንቱን አመላልሷል፤ ስንቱን ተማሪ ሲመረቅ፣ ስንቷን ኮረዳ ስታገባ በመስታወቱ አይቷል። ሰው ማወቅን የተማረው እዚያ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ያ ሁሉ ዕውቀት አንደበቱ ላይ ተጠራቀመለት። ነገር ሲጀምር በሁለት እጁ ጉልበቶቹን ይይዝና ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «እንግዲህ...» ይላል። ያቺ «እንግዲህ» ስትወጣ የጋለው ሰው ሁሉ ይበርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ደግሞ ማር ነው።

ሚስቱን ወርቅዬንም ያገኛት እዚያው አውቶብሱ ላይ ነበር። ገርጂ ፌርማታ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ፣ የምሳ ዕቃዋን በጨርቅ ቋጥራ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጣሪ ነበረች። አንዳንድ ቀን የረፈደባት እንደሆነ ኃይለኪሮስ አውቶብሱን ፌርማታው ላይ ገትሮ ይጠብቃታል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። «ሾፌር! ምን እየጠበቅን ነው?» ይላሉ። «ሞተር እያሞቅኩ ነው!» ይላል። እሷ እየሮጠች ስትደርስ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስትሳፈር፣ ሞተሩ ወዲያው ይሞቃል። ከዓመት በኋላ ሲጋቡ ከተሳፋሪዎቹ አሥራ ሁለቱ ሠርጋቸው ላይ ተገኝተው «ለካ ይሄ ነበር ሞተሩ!» እያሉ ሲስቁ አመሹ። ወይ ጊዜ! ወይ ያ ሳቅ! የት ሄደ?

አንዲት ልጅ ብቻ ወለዱ፤ ሉዋምን። እሑድ እሑድ አባቷ ከኋላው ካለችው ወንበር ላይ አስቀምጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንሸራሽራት ነበር። ፌርማታ በደረሱ ቁጥር በቀጭን ድምፅዋ የፌርማታውን ስም ትጠራለች፤ ተሳፋሪው ከረሜላ ይሰጣታል። አድጋ፣ ተምራ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት መምህርት ስትሆን ኃይለኪሮስ የመጀመሪያ ቀን እስከ በሩ ሸኝቷት፣ ዘበኛውን «አደራ፣ ልጄ ናት» ብሎት ነበር የተመለሰው። ከዓይኑ ብሌን አብልጦ የሚወዳት ልጅ! ታዲያ እንዲህ የሚወዳትን ልጅ እንዴት ጨከነባት?

ነገሩ የመጣው በአንድ ቅዳሜ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ያንን ደረጃ ወጡ፤ ከኋላቸው አብኔዘር የሚባል ወጣት ተከትሏቸዋል። ኃይለኪሮስ በሩ ላይ ቆሞ አካሄዱን አደመጠ። አንዱ እርምጃ ለስለስ፣ ሌላው ጠንከር፤ ለስለስ፣ ጠንከር። አብኔዘር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መኪና ገጭቶት ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቷል። አሁን የሚተዳደረው ለሌሎች ሰዎች ሰው ሠራሽ እግርና የእግር መደገፊያ እየሠራ ነው። ሉዋም የወደደችው እሱን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወግ ባለው አነጋገር ጠየቁ። ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ እግዚአብሔርን ይፈራል አሉ። ኃይለኪሮስ ግን ዓይኑን ከወጣቱ ሱሪ ላይ ሊነቅል አልቻለም።

«እንግዲህ...» አለ። «እናንተም ልጆች አሏችሁ። እኔ ለልጄ የምፈልግላት የምትደገፈው ትከሻ ነው። የምትደግፈው ሰው አልፈልግላትም።»

ወርቅዬ ከጓዳው በር ላይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አብኔዘር ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ጋሼ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ ነው የመጣሁት። አንዱን እግዜር ሰጥቶኛል፤ አንዱን ራሴ ሠርቼዋለሁ።»

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ሉዋም አባቷ ፊት ቆመች። እንባዋ በአገጯ ይንጠባጠብ ነበር። «አባዬ፣ የሰው ሁሉ ልብ እየታየህ ስታስታርቅ ኖረህ፣ ከሱ ግን የታየህ እግሩ ብቻ ነው?» አለችው። ይህች ቃል የወጋችው እውነት ስለሆነች ነው። የተወጋ ሰው ደግሞ ይጮኻል። «እሱን ብለሽ በዚህ በር ከወጣሽ፣ እንዳትመለሺ!» አለ። ሉዋም ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ ቆሞ ሰማ። በዚያች ቅጽበት «ነይ ተመለሺ» ቢላት ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር! የሰው ጠብ የሚያበርድ አንደበቱ ግን ለራሱ ሲሆን ደረቀ። ኩራት ነዋ! ኩራት የስንቱን ቤት በር ዘጋ!

ሉዋምና አብኔዘር በትንሽ ድግስ ተጋቡ፤ ጎሮ አካባቢ ምድር ቤት ተከራይተው መኖር ጀመሩ። ኃይለኪሮስ አልሄደም፤ ወርቅዬንም «ሂጂ» አላላትም። እሷ ግን ሐሙስ ሐሙስ ቅርጫቷን ይዛ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ትላለች። መገናኛ አንዲት ጭማቂ ቤት ውስጥ ልጇን ታገኛታለች። ስትመለስ ቅርጫቷ ውስጥ ከሁለት ሎሚ በቀር አይገኝም። ኃይለኪሮስ ያያል፤ ያውቃል፤ ምንም አይልም። ራት ቀርቦ፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ እንዲህ ይጠይቃል፦

«ገበያው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው፤ ትንሽ ከሳ ብሏል።»

«ምነው?»

«ሥራ በዝቶበት።»

ይሄው ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ «ገበያው ዛሬ ፊቱ በርቶ ነበር» ትለዋለች፤ እሱም ያን ቀን ራቱን አጥግቦ ይበላል። ባልና ሚስት ከዓመት በላይ የልጃቸውን ስም ሳይጠሩ እንዲህ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ኖሩ።

በዚያው ሰሞን ነው ሰኪና የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረች በራቸውን ያንኳኳችው። ለስላሳ፣ ፈጣን፣ ሻሽዋን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ነበረች። የሁለቱንም የደም ግፊት ለካች። የወርቅዬ ደህና ሆነ። የኃይለኪሮስን ግን ሁለት ጊዜ ደግማ ለካችው።

«ጋሼ፣ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱልኝ።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ሲገፋፋበት የኖረ አውቶብስ ነድቻለሁ። ግፊት እኔን አይነካኝም» ብሎ ሳቀባት።

በወርቅዬ ጭቅጭቅ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ መድኃኒቱም ተሰጠው። ሁለት ሳምንት ዋጠ። ምንም የሚያመው ነገር ስላልነበረ «ለጤነኛ ሰው መድኃኒት ምን ያደርጋል?» ብሎ ተወው። ሰኪና በመጣች ቁጥር «ይውሰዱ እንጂ ጋሼ፣ ይሄ በሽታ ሳይጮኽ ነው የሚመጣው» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ቀልድ አያጣም ነበር።

ሳይጮኽ መጣ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአባታቸው ቤት ውርስ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ፊቱ ተቀምጠው ነበር። ኃይለኪሮስ ጉልበቶቹን ያዘ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ...» አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ማር ጠበቁ። «እንግዲህ...» አለ እንደገና። ወንድማማቾቹ የሚያስብ መሰላቸው። ሦስተኛ ጊዜ «እንግዲህ» ሲል ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ፣ ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ላይ እንደ ዕቃ ወደቀ፣ እሱም ተከትሎ ወደቀ። ወርቅዬ «ኃይልዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት እስከ ምድር ቤት ተሰማ።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። አሥራ ሰባት ቀን ተኝቶ ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ ጎኑ ግን አልታዘዝ አለው፤ ከቃላቱም ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችለት። ውኃ ሲጠማው «እንግዲህ» ይላል። ሲያመው «እንግዲህ» ይላል። ሲያለቅስም «እንግዲህ» ይላል። ሐኪሙ ወርቅዬን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «እማማ፣ የሚሉትን ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል። መልሶ መናገር ነው ያቃተው» አላት። ይሰማል... ሁሉም ይገባዋል! ከዚህ የባሰ እስር ቤት ከየት ይመጣል?

በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ እንዲመላለስ ወረቀት ተሰጠው። ግን ደረጃው! ያ በደጉ ዘመን ማንም ያልቆጠረው ደረጃ! ወርቅዬ ያን ጊዜ ነው የቆጠረችው። አራት የሰፈር ጎረምሶች በወንበር እየተሸከሙ ያወርዱታል፣ ያወጡታል። አምስት ሳምንት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ አንዱ ሥራ አገኘ፣ አንዱ ሰፈር ለቀቀ። ከሁሉ የባሰው ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሆነው ነው። አንድ ቀን በወንበር ሲያወርዱት ድሮ ያስታረቃት አንዲት ሴት ከበሯ ወጥታ አየችው። «ምነው እግዜር! ጋሽ ኃይለኪሮስን?» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ኃይለኪሮስ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ በደህናው እጁ የአልጋውን ብረት አንቆ ይይዛል። «እንግዲህ! እንግዲህ!» እያለ ይጮኻል። ወርቅዬ ገባት፤ አልወርድም ነው የሚለው። ሰው እንዲህ ሆኜ አያየኝም ነው።

አንድ ዓመት ተኩል ከዚያ ክፍል አልወጣም። ቅዳሜ የሚመጣ ሰው ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ ከዚያ ጠፋ። ሉዋም እንኳ «እንዳትመለሺ» ያላትን ቃል ፈርታ እናቷን በስልክ ብቻ ትጠይቅ ነበር። ወርቅዬ ብቻ ቀረች። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች። ሰኪና በየሳምንቱ ያንን ደረጃ እየወጣች እጁንና እግሩን እንዴት እንደምታንቀሳቅስለት አሳየቻት። ወርቅዬ እግሩን እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ «ትዝ ይልሃል ኃይልዬ? ያ ጢማም ተሳፋሪ 'ሞተሩ የሚሞቀው ለአረንጓዴ ሹራብ ብቻ ነው እንዴ' ያለህ ቀን?» ትለዋለች። እሱ በግማሽ ፊቱ ይስቃል። አንዳንድ ቀን ከአልጋ ወንበር ላይ ስታወርደው ሁለቱም ተያይዘው ይንገዳገዱና «ይኸው ደነስን!» ትላለች። እውነት ለመናገር፣ በዚያ መከራ ውስጥ እንኳ ቤቱ ፍቅር አላጣም ነበር።

አንድ ቀን ሰኪና የወርቅዬን ክንድ አስተዋለች።

«እትዬ ወርቅዬ፣ ግራ ክንድዎን ወደ ላይ አያነሱም። ምን ሆነው ነው?»

«እሱን ሳነሳ ተወጥሮብኝ ነው።»

«እስቲ ልይልዎት።»

«ሌላ ቀን፣ የኔ እናት። አሁን ምሳው ይበርዳል።»

ሌላ ቀን! ለስምንት ወር ጡቷ ውስጥ ያለውን እብጠት «ሌላ ቀን» እያለች ተሸክማዋለች። ሰኪና በግድ ይዛት ሄዳ ስትታይ በሽታው ተሰራጭቶ ነበር። ሰኪና ደረጃው ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች «ምነው ደበቁኝ? እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ!» ስትላት ወርቅዬ የመለሰችላት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ ሆስፒታል ብተኛ፣ እሱን ማን ያገላብጠዋል?»

ወደ ሆስፒታል የምትሄድበት ቀን ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከስታ ጥላ ሆናለች። ደህናውን እጁን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ኃይልዬ፣ ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምሄድ ታውቅ ነበር አይደል?»

ራሱን ነቀነቀ። እንባው በጆሮው ግንድ ወረደ።

«ማወቅህን አውቅ ነበር። እንግዲህ ስማኝ። ሉዋምን ነግሬያታለሁ፤ ትመጣለች። ያንን ኩራትህን ለኔ ስጠኝና ይዤው ልሂድ። አንተ ጋ ምን ያደርግልሃል?»

ስንት ነገር ሊላት ፈለገ! ይቅር በዪኝ፣ አትሂጂ፣ ያለ አንቺ ምን ሆኜ... ሁሉም ደረቱ ውስጥ ተሰልፎ በሩ ጠበበው። «እንግዲህ...» አለ። ግንባሩን ሳመችው። ታክሲው ሲወስዳት አልጋው አጠገብ ባለው መስኮት አያት፤ ወደ ላይ ቀና ብላ እጇን አወዛወዘች። እሱን ጎረቤቶች ተፈራርቀው ሲያገላብጡት፣ ሉዋም ሆስፒታል እናቷን ስታስታምም፣ በአሥረኛው ቀን ሞተች። ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ነፍሷ ስትወጣ እጇን የሚይዝበት ዕድል እንኳ አላገኘም።

የዕድሩ ድንኳን ከብሎኩ ፊት ለፊት ተተከለ። ኃይለኪሮስን በወንበር አወረዱት። ለቅሶኛው ሲያየው ለቅሶው እጥፍ ሆነ። ያን ጊዜ ሉዋም ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ተቆርጣ፣ ሰዉን እየገፋች ገባችና እግሩ ላይ ተደፋች።

«አባዬ! እማዬን አሳጣሁህ! አጠገቧ ብሆን ኖሮ ቀድሜ አያት ነበር!»

ኃይለኪሮስ «አንቺ አይደለሽም፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። «እንግዲህ!» አለ። ድምፁ ከሐዘን ብዛት የቁጣ መሰለ። ሉዋም ደንግጣ ቀና አለች። «እንግዲህ! እንግዲህ!» አለ እንደገና፣ ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተወጥሮ።

«እሺ አባዬ» አለች። «ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ። እናቴን ብቻ ልቅበር።»

ልትነሳ ስትል ከድንኳኑ ደጃፍ የአብኔዘር ድምፅ መጣ። ሥራ ቦታው ላይ ስንት እንደዚህ ያለ ሰው አይቷል!

«ሉዋም! አፉን አትስሚ። እጁን እዪ።»

አየች። የአባቷ ግራ እጅ የነጠላዋን ጫፍ፣ ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ፣ ጨብጦ ይዞታል። «አባዬ!» ብላ ደረቱ ላይ ወደቀች። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያላለቀሰ ሰው ማን ነበር?

ከሠልስቱ በኋላ ልጁና አማቹ ወደ ጎሮ ወሰዱት። ምድር ቤት ነው። አብኔዘር በገዛ እጁ የበሩን ደፍ አንስቶ በሲሚንቶ ስለለሰነው ዊልቸሩ በቀላሉ ይወጣል፣ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ሉዋም በር ከፍታ ወደ መንገዱ ስታወጣው፣ ኃይለኪሮስ የታክሲውን ጥሩምባ፣ የረዳቶቹን ጩኸት፣ የመንገዱን አቧራ እንደ ሕፃን ሲያይ ቆየ። አንድ ዓመት ተኩል! ዓለም እዚያው ነበረች ለካ!

ሰኪና ወረቀቱን አዘጋጅታ ወደ መልሶ ማቋቋሚያ ማዕከል አስላከችው። እዚያ ማኅደር የምትባል የንግግር ሕክምና ባለሙያ ተቀበለችው። አልዋሸችም። «ጋሼ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወርቅ ነበሩ። አልፈዋል። የቀረንን ግን እንሠራበታለን» አለችው። ከዚያ ፈገግ ብላ ጠየቀችው። «ቃላቱ አልጠፉም፤ ወደነሱ የሚወስደው መንገድ ነው የተቆረጠው። እርስዎ ሾፌር ነበሩ አሉኝ። መንገድ ሲዘጋብዎት ምን ያደርጉ ነበር?»

ኃይለኪሮስ ጥቂት አሰበና በግራ እጁ አየር ላይ ዙሪያ ጥምጥም መስመር ሠራ።

«አዎ! በሌላ በኩል እንዞራለን!»

የዞሩት በዜማ በኩል ነበር። በልጅነቱ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረውን መዝሙር ስታንጎራጉርለት፣ መናገር የማይችለው ሰው ከነቃሉ ተቀበላት! ሉዋም በሩ ላይ ቆማ አፏን ይዛ አለቀሰች። ማኅደር በግራ እጁ ጠረጴዛውን እያስመታች፣ ቃሉን በዜማ እያስጎተተች፣ ዜማውን ቀስ በቀስ እየቀነሰች አስተማረችው። «ው...ኃ።» ሦስት ሳምንት ፈጀ። «ሉ...ዋም።» ሁለት ወር። ሠፈር ሙሉ ያስታረቀ አንደበት እንደ ጡት ልጅ ፊደል ሲለቅም ሰው ቢያይ ልቡ ይሰበር ነበር።

እግሩን ያቆመለት ግን አብኔዘር ነው። ቀኝ እግሩ ጣቱን መሬት ላይ እየጎተተ ስለሚያደናቅፈው መደገፊያ ያስፈልገው ነበር። አብኔዘር ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ የራሱን ሰው ሠራሽ እግር ወደ ጎን ዘርግቶ፣ የአማቱን እግር በሁለት እጁ ያዘ። በጀሶ ለካ፣ ጠረበ፣ አሞቀ፣ አለሰለሰ። «ይሄ ጋ ይቆረቁርዎታል ጋሼ? እዚህስ?» ይላል። ኃይለኪሮስ ቁልቁል የወጣቱን አናት ያያል። ይህን ሰው ነው ሱሪውን እያየ የመለሰው! አንድ ክፉ ቃል እንኳ መልሶ ቢናገረው በቀለለው ነበር። አብኔዘር ግን መደገፊያውን አጥልቆለት «በሉ ይቁሙ፣ እኔ አለሁ» አለው። ቆመ። ያን ቀን ሦስት እርምጃ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ጀመረ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ግድግዳውን በግራ እጁ እየመታ የሆነ ቃል ይለማመዳል። ሉዋም ስትገባ ዝም ይላል። ማኅደርን ስትጠይቃት «ምስጢር ነው» አለቻት።

የወርቅዬ ሙት ዓመት ደረሰ። ዘመዶች፣ የድሮ ጎረቤቶች፣ ሰኪናም ጭምር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰቡ። ያን ቅዳሜ ለሽምግልና መጥተው ከነበሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ መጥተው ነበር። ኃይለኪሮስ ከመኪናው ወርዶ ዊልቸሩን በእጁ ገፋው። በባለ አራት እግር ከዘራው፣ እያረፈ፣ እያላበው፣ እስከ መቃብሯ በእግሩ ሄደ። ፍትሐቱ አለቀ። ሰዉ ሊበተን ሲል ኃይለኪሮስ ከዘራውን ለቀቀና ጎንበስ አለ።

«አባዬ ትወድቃለህ!» ብላ ሉዋም ሮጠች። በዓይኑ ከለከላት።

በግራ እጁ ከመሬት ድንጋይ አነሳ። ግማሽ ጡብ ያህላል። እየተንቀጠቀጠ ማጅራቱ ላይ ጫነው። በአገራችን ወግ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ፊት ይቆማል። ኃይለኪሮስ በሽምግልና ዘመኑ ስንቱን አሸክሟል! ዛሬ ራሱ ተሸከመ። ያለ ከዘራ፣ አንድ እርምጃ... ሁለት... ሦስት... አብኔዘር ፊት ቆመ።

«በ...ደል...ኩህ» አለ። ላቡ ከእንባው ጋር ወረደ። «ማ...ረ...ኝ።»

አብኔዘር ድንጋዩን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። «ያውርዱት ጋሼ! ስለ እመቤቴ ያውርዱት! እኔ እኮ ድሮ ነው የማርኩዎት!» ድንጋዩ መሬት ላይ ወደቀ። ተቃቀፉ። ሉዋም ከሁለቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ ኃይለኪሮስ ወደ መቃብሩ ዞረ። ማኅደር ያላስተማረችው፣ ግድግዳ እየመታ ያልተለማመደው ቃል፣ ሳይቆራረጥ፣ እንደ ድሮው ሙሉ ሆኖ ከአፉ ወጣ።

«ወርቅዬ» አለ።

አፈር መቼ መልስ ይሰጣል?

ኃይለኪሮስ ዛሬም ጎሮ ልጁ ቤት አለ። ሠላሳ ያህል ቃል ይናገራል፤ ጠዋት ጠዋት በከዘራው እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ይመለሳል። መድኃኒቱን አንድ ቀን አያሳልፍም። ሰው ዕድል ነው፣ ዕጣ ነው ይላል። ዕጣስ ዕጣ ይሁን፤ ግን ያቺ ጤና ጣቢያ ሩቅ ነበረች? የልጁስ ቤት ሩቅ ነበር? ከሰሚት ጎሮ በታክሲ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ላይ የኖረው ኃይለኪሮስ ግን ያችን መንገድ ለመሄድ ሦስት ዓመት ፈጀበት፤ ሲደርስም ወርቅዬን መንገድ ላይ አስቀርቶ ነው።